ቁርጡን ቢነግሩኝ ባቄላ እዘራ ነበር

2015 ዓ.ም.፣ የክረምት መግቢያ ነው። ከደብረ ታቦር ወጣ ብሎ፣ ጉና ተራራ ግርጌ፣ አንድ አዛውንት ገበሬ ደጋግመው ካለሰለሱት ማሳ ዳር ቆመዋል። ዝናቡ ጥሏል፤ የቀረው ማዳበሪያው ነው። «ይመጣል» ተብሏል። መቼና ስንት ኩንታል እንደሚመጣ የሚናገር ግን የለም።

«ልጄ፣ እንደማይመጣ ቁርጡን ቢነግሩኝ ባቄላ እዘራበት ነበር። ባቄላ ያለ ማዳበሪያም አያሳፍርም። ይመጣል፣ ይመጣል እያሉ ስንዴውንም ባቄላውንም አሳጡኝ» አሉኝ።

የመንግሥት እርዳታ በተወራ ቁጥር እኚህ ሰው ትዝ ይሉኛል፤ ወሬው የአየር መንገድ ቢሆንም እንኳ።

በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሰማዩን ሲዘጋው፣ የዓለም አየር መንገዶች እጃቸውን ወደየመንግሥታቸው ዘረጉ። አሜሪካ ለሠራተኛ ደመወዝ መክፈያ በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር ሰጠች። ድጋፉ መስከረም 20 ቀን 2013 ዓ.ም. ሲያበቃ ግን ፖለቲከኞቹ ይራዘም አይራዘም እያሉ ገና ይከራከሩ ነበር። በማግሥቱ አሜሪካን እና ዩናይትድ የተባሉት ሁለት አየር መንገዶች ብቻ ከ30 ሺህ በላይ ሠራተኞቻቸውን ያለ ደመወዝ ቤት አስቀመጡ። ታኅሣሥ ላይ ተጨማሪ 15 ቢሊዮን ዶላር ተፈቀደ። ገንዘቡስ ነበረ፤ ቁርጥ ያለ ቃል በመጥፋቱ ያ ሁሉ ቤተሰብ ሦስት ወር ተንገላታ።

የእኛው አየር መንገድ የመንግሥት ንብረት ነው። በወረርሽኙ የመጀመሪያ ወራት 550 ሚሊዮን ዶላር ያህል ገቢ እንዳጣ ሲናገር፣ «አባቴ ያውቃል» ብሎ ቢቀመጥ ማን ይፈርድበታል? እሱ ግን መንግሥትን የነፍስ ማዳኛ ገንዘብ አልጠየቀም። ከ20 በላይ ከሆኑ የመንገደኛ አውሮፕላኖቹ ወንበሮቹን ነቅሎ የአፍ መሸፈኛና መድኃኒት ጫነባቸው። ቁርጡን አውቆ ባቄላውን ዘራ ማለት ነው።

አድናቆቱ ግን እውነቱን አይሸፍንብን። አየር መንገዱ ወንበር ነቅሎ ጭነት ላይ መዞር የቻለው ከወረርሽኙ በፊት ትልቅ የጭነት ተርሚናል ስለገነባ፣ የጭነት ደንበኞችም ስለነበሩት ነው። የጉናው ገበሬ ያለው አንድ ማሳና አንድ ክረምት ነው። «ራስህን ቻል» የሚለው ምክር ለሁለቱ እኩል አይሠራም። አየር መንገዱም ቢሆን ሁልጊዜ እንዲህ አይቀናው ይሆናል። ሌላ ክፉ ቀን ሲመጣ መንግሥት መቼ እንደሚደግፍ፣ በምን ግዴታና እስከ ስንት ድረስ እንደሆነ፣ ዛሬ በደህናው ቀን ተጽፎ ይቀመጥ።

«የለም» ማለት ነውር አይደለም። ነውሩ የሌለውን «ይመጣል» ማለት ነው። እናም የምትወስኑ ሰዎች ሆይ፣ ካለ መጠኑንና ቀኑን ንገሩን፤ ከሌለም በጊዜ የለም በሉን። ባቄላም የመዝሪያ ወቅት አለው።