በግቢያቸው የኪራይ ቤት ለመሥራት ለሚያስቡ ቤተሰቦች



ጥቂት ገንዘብ ያጠራቀመ ሰው «በምን ላይ ላውለው?» እያለ ማሰቡ አይቀርም። በአዲስ አበባና በሌሎችም ከተሞቻችን ብዙ አባወራዎችና እማወራዎች ለዚህ ጥያቄ የሚሰጡት መልስ አንድ ነው፤ ይኸውም በመኖሪያ ግቢያቸው ጥግ ሦስት ወይም አራት ክፍል ሰርቪስ ቤት ሠርቶ ማከራየት ነው። አሳቡ መልካም ነው። ጡረታው ለማይበቃው ሽማግሌ፥ ልጆቿን ብቻዋን ለምታሳድግ እናት፥ በየወሩ የሚገባ ኪራይ ታላቅ ድጋፍ ይሆናል። ነገር ግን ቤት ማከራየት ራሱን የቻለ ሥራ ነው እንጂ ተቀምጦ መብላት አይደለምና፥ መሠረቱ ከመቆፈሩ በፊት ሊታሰብባቸው የሚገቡትን ነገሮች በየተራ እናቀርባለን።

አንደኛ፤ ይዞታ። በአገራችን ሕግ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ የግለሰብ ሀብት የሚሆነው በላዩ የተሠራው ቤት ነው። ስለዚህ የይዞታ ማረጋገጫ ካርታ ሳይኖረው፥ የግንባታ ፈቃድም ሳያወጣ የሚሠራ ሰው፥ በሰው እርሻ ላይ ዘሩን እንደ በተነ ገበሬ ነው። ያለ ፈቃድ የተሠራ ክፍል በሚፈርስበት ቀን የሚጎዳው ባለቤቱ ብቻ አይደለም፤ እቃውን ይዞ ደጅ የሚወድቀው የተከራይ ቤተሰብም ጭምር ነው። ደግሞም ቤቱ የባልና የሚስት የጋራ ሀብት ከሆነ፥ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የማይንቀሳቀስ የጋራ ንብረትን ለመሸጥ፥ ለማከራየትም ሆነ በመያዣ ለመስጠት የሁለቱን ስምምነት ይጠይቃል። እንግዲህ ምክሩ ከግንበኛው ጋር ሳይሆን በቤት ውስጥ፥ በባልና በሚስት መካከል ይጀመር።

ሁለተኛ፤ ሂሳብ። ብዙዎች የሚሳሳቱት በዚህ ነው። ለምሳሌ ያህል አንድ ቤተሰብ በ1,200,000 ብር አራት ክፍል ሠርቶ እያንዳንዱን በወር 5,000 ብር ያከራያል እንበል። የዓመቱ ኪራይ 240,000 ብር ነው፤ ባለቤቱም «በአምስት ዓመት ገንዘቤ ይመለሳል» ብሎ ይደሰታል። እስኪ ረጋ ብለን እንቁጠረው። እያንዳንዱ ክፍል በዓመት አንድ ወር ባዶ ቢያድር 20,000 ብር ይጎድላል። ለሚያፈስ ቆርቆሮ፥ ለተሰበረ ቧንቧና ለቀለም ከኪራዩ አንድ አሥረኛው፥ ማለት 24,000 ብር ይመደብ። ለጥበቃ፥ ለጋራ መብራትና ውሃ፥ ለሽንት ቤት ማስመጠጫ በወር 3,000 ብር ቢወጣ በዓመት 36,000 ብር ይሆናል። የሚቀረው 160,000 ብር ነው። አምስት ዓመት የተባለውም ገና ግብር ሳይከፈል ሰባት ዓመት ተኩል ሆነ ማለት ነው። ከኪራይ የሚገኝ ገቢ ግብር እንዳለበትም አይዘንጋ። የግብሩ መጠን በየጊዜው ስለሚሻሻል፥ ሥራው ከመጀመሩ በፊት በቅርብ ካለው የገቢዎች ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ይገባል።

ሦስተኛ፤ ብድር። ከላይ ባልነው ምሳሌ የወጪው እኩሌታ፥ 600,000 ብር፥ ከባንክ ተበድሮ ወለዱ በመቶ 18 ቢሆን፥ የመጀመሪያው ዓመት ወለድ ብቻ ወደ 108,000 ብር ይደርሳል። ለግብርና ለዋናው ዕዳ የሚተርፈው 52,000 ብር ነው። ሁለት ክፍሎች ለጥቂት ወራት ባዶ ቢሆኑስ? በዚያን ጊዜ ዕዳው የሚከፈለው ከልጆች ቀለብ ነው። መያዣው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ቤተሰቡ የሚኖርበት ቤት ነው። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ባንክ ዕዳው በጊዜው ካልተከፈለው፥ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ፍርድ ቤት ሳይሄድ መያዣውን በሐራጅ ለመሸጥ ይችላል። ስለዚህ የክፍሎቹ እኩሌታ ባዶ ቢሆን እንኳ ሊከፈል የማይችል ብድር አይወሰድ። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እንዲሉ፥ በዕቁብና በቁጠባ ገንዘብ በመጀመሪያ ሁለት ክፍል ሠርቶ፥ ከኪራያቸው በሚገኘው ሁለቱን ማስከተል የሚያስተኛ መንገድ ነው።

አራተኛ፤ ሕግ። አረጋውያን እንደሚያስታውሱት ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ትርፍ ቤቶች ሁሉ የመንግሥት ሆነው፥ በኪራይ ይተዳደር የነበረ ብዙ ቤተሰብ በአንድ ቀን ገቢውን አጥቷል። የአንድ ቤተሰብ ተስፋ ሁሉ በአንድ ግድግዳ ላይ እንዳይንጠለጠል ይህ ያስተምራል። በዘመናችን ደግሞ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆን፥ በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ፥ ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይደነግጋል። የቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም፤ ኪራዩ የሚከፈለው በባንክ ወይም በሌላ ኤሌክትሮኒክ መንገድ ነው፤ ጭማሪም ባለቤቱ በወደደ ጊዜ የሚያደርገው አይደለም፤ ተቆጣጣሪው አካል በዓመት አንድ ጊዜ በሚያስታውቀው መጠን ይወሰናል። ስለዚህ «በየወሩ እጨምራለሁ» ብሎ በዚያ ተስፋ የሚሠራ ሰው ሂሳቡን ከወዲሁ ያርም።

አምስተኛ፤ ተከራይ። በአንድ በር የሚገቡ፥ ከአንድ ቧንቧ የሚቀዱ ሰዎች ባለቤትና ተከራይ ብቻ አይደሉም፤ ጎረቤትም ናቸው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላልና፥ ከደላላው ወሬ ይልቅ የሰውየውን ጠባይ ቀድሞ ከነበረበት ሰፈር መጠየቅ ይበልጣል። ብዙው ጠብ የሚነሣው ከኪራዩ ሳይሆን ከቆጣሪው ነው፤ የመብራቱና የውሃው ሂሳብ በሰው ቁጥር ወይም በየክፍሉ ቆጣሪ እንደሚከፈል በውሉ ላይ ይጻፍ። የበሩ፥ የመስኮቱና የቁልፉ ሁኔታም በመግቢያው ቀን ተመዝግቦ ሁለቱም ይፈርሙበት። በኪራይ ልክ ደግሞ መጠነኛ መሆን ያተርፋል እንጂ አያከስርም። በ5,000 ብር ዓመቱን ሙሉ የተያዘ ክፍል 60,000 ብር ያስገባል፤ በ5,500 ብር ተከራይቶ ሁለት ወር ባዶ ያደረ ግን 55,000 ብር ብቻ ያገኛል። ተከራይ ቢታመም ወይም ሥራ ቢያጣ፥ በቸኮለ ቃል ፋንታ የመክፈያ ጊዜ ተነጋግሮ በጽሑፍ መወሰን የሰብአዊነትም የብልህነትም ሥራ ነው።

እንግዲህ ውድ አንባቢዎቻችን፥ ካርታው ተመርምሮ፥ ሂሳቡ ባዶ ወራትን ቆጥሮ፥ ባልና ሚስት ተስማምተው፥ ዕዳውም ከአቅም ሳያልፍ የተሠራ ቤት ለሁለት ቤተሰብ መጠለያ ይሆናል፤ ለሠሪው ገቢ፥ ለገቢው ደግሞ ሰላም ያለበት ማደሪያ። ይህን ሁሉ ሳያስብ የሚቸኩል ግን የሚኖርበትን ቤት ለሚያከራየው ቤት አሳልፎ እንዳይሰጥ ይጠንቀቅ።