ትዳር ያፈረሰ ካሳ ይክፈል! ግን ለማን?

እስቲ እንበልና አንድ የወልቂጤ ልጅ መርካቶ ያለውን ሱቁን ዘግቶ ለመስቀል አገሩ ገባ፡፡ ቤቱ ሲደርስ ሚስቱ የለችም፡፡ እንሰቱ አለ፣ ከብቶቹ አሉ፣ እሷ ግን የለችም፡፡ ጎረቤት ሹክ ይለዋል፤ «እገሌ ነው ልቧን ያሸፈተው፡፡» ዱላ አንስቶ ቢሄድ ወንጀለኛ ነው፡፡ ዝም ቢል «ወንድም አይደል» ይሉታል፡፡ ታዲያ ምን ያድርግ? ጠበቃ ዘንድ ሄዶ «ትዳሬን ያፈረሰውን ሰው ካሳ አስከፍሉልኝ» ቢል ያስኬደዋል ወይ?

ይህ የሰፈር ወሬ ብቻ አይደለም፡፡ ወልቂጤም ቡታጅራም ባል አዲስ አበባ፣ ሚስት አገር ቤት ሆነው የሚኖሩበት ቤት ብዙ ነው፡፡ በዚህ መሐል የሚገባ ሦስተኛ ሰውም አይጠፋም፡፡

ሕጉ ምን ይላል? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከውል ውጭ ስለሚደርስ ኃላፊነት ከአንቀጽ 2027 ጀምሮ ይዘረዝራል፡፡ በጥፋቱ ሌላውን የጎዳ ይካስ ነው ነገሩ፡፡ ወደ ሕሊና ጉዳት ስንመጣ ግን አንቀጽ 2116 ጣሪያ አበጅቶለታል፤ ከ1,000 ብር አይበልጥም! ያኔ በንጉሡ ዘመን ሺህ ብር ለብዙው ሰው ትልቅ ገንዘብ ነበር፡፡ ዛሬስ? የአንድ ሳምንት አስቤዛ አይሞላም፡፡ የቤተሰብ ሕጉ በ1992፣ የወንጀል ሕጉ በ1997 ዓ.ም. ሲታደሱ የተሰበረ ልብ ዋጋ ግን የሚያስታውሰው አላገኘም፡፡

«እንግዲያው ጣሪያው ይነሣና ባልየው ልቡ እስኪጠግብ ያስከፍል» የሚል አይጠፋም፡፡ እኛ እዚህ ላይ አንስማማም፡፡ ለምን ቢሉ፣ ይህ ክስ የሚቆመው ሚስት በባሏ እጅ ያለች ዕቃ ናት፣ የነካ ይክፈል በሚል አስተሳሰብ ላይ ነው፡፡ እሷ ራሷ ምን አለች? አንድም የሚጠይቃት የለም!

ጉራጌ ደግሞ ይህን ሙግት ከማንም ቀድሞ ያውቀዋል፡፡ በባህሉ አንቂት የሚባል ነገር ነበር፤ ባሏን ትታ የሄደች ሴት እሱ ካልፈታት በቀር ሌላ ማግባት አትችልም፡፡ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የቃቄ ውርድወት ሴቶችን አስከትላ የጆካ ሸንጎ ፊት ቀርባ በጋብቻና በፍቺ ከወንዱ እኩል ልሁን ብላ የተሟገተችው ይህን ይዛ ነው፡፡ ፊደል ያልቆጠረች ሴት ያኔ የጠየቀችውን እኛ ዛሬ በጠበቃ ወረቀት ወደ ኋላ ልንመልሰው ነው?

ሌላም አለ፡፡ ሴትዮዋ የሄደችው ፍቅር ይዟት ሳይሆን ዱላ በዝቶባት ቢሆንስ? በሌሊት በሩን ከፍቶ ያስጠለላት ወንድሟ ወይ ጎረቤቷ «ትዳር አፍራሽ» ተብሎ ሊከሰስ ነው ማለት ነው፡፡ ያን ጊዜ በሩን የሚከፍትላት ማን ይገኛል? ከሁሉ የሚያሳስበን ይኸው ነው፡፡

የሌላው ዓለም ፍርድ ቤትም ይህን ነገር እየተወው ነው፡፡ እንግሊዝ የሰው ሚስት በማሸፈት የሚቀርበውን ክስ በ1970 እ.ኤ.አ. ሻረችው፡፡ የደቡብ አፍሪካ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤትም በ2015 እ.ኤ.አ. ከሚስቴ ጋር ወሰለተ ተብሎ ሦስተኛውን ሰው ካሳ መጠየቅ አይቻልም ሲል ወሰነ፡፡ አሜሪካ ውስጥ ግን እንደ ሰሜን ካሮላይና ያሉ ጥቂት ግዛቶች ዛሬም ይፈቅዱታል፤ እዚያ ጉዳዩ በሚሊዮን ዶላር እስከ መፍረድ ደርሷል፡፡

ታዲያ ሦስተኛው ሰው ነፃ ይውጣ እያልን ነው? አይደለም፡፡ የሐሰት መልእክት ፈጥሮ ባልን ከሚስት ያናከሰ፣ የሰው ገመና በስልክ የበተነ፣ ስም ያጠፋ፣ ያስፈራራ ይጠየቅ፤ ከሳሹም ሚስት ትሁን ባል ሚዛኑ አንድ ይሁን፡፡ የሺህ ብሩ ጣሪያ መነሣት ያለበት ለዚህ ነው፡፡ ወዶ የሄደን ሰው ግን በካሳ መመለስ አይቻልም፡፡

(ሳይጠሩት ገብቶ ቤት የሚለያይ ሦስተኛ ወገን ካነሣን አይቀር የመንግሥትንም እናንሣ፡፡ ጉራጌ ክልል ልሁን ብሎ ጠይቆ በ2014 ዓ.ም. የወልቂጤ ሱቆች ተዘግተው ሰነበቱ፤ በ2015 ዓ.ም. በመጨረሻ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል አባል ሆነህ ተባለ፣ ቡታጅራም የምሥራቅ ጉራጌ ዞን ተብላ ከወልቂጤ ተለየች፡፡ ለዚህ ፍቺ ካሳውን የሚከፍለው ማን ይሆን?)

ወደ ነጋዴያችን እንመለስ፡፡ ጠበቃው ደህና ሰው ከሆነ ሌላ ነገርም ይነግረዋል፤ መርካቶ ያለው ሱቅ ከተጋቡ በኋላ የተፈራ የጋራ ሀብት ከሆነ ፍቺ ሲመጣ ግማሹ የእሷ ነው፡፡ ይህን የሰማ ሰው ክሱን ትቶ ሽማግሌ ፍለጋ ቢሮጥ አይደንቀንም፡፡