ሙጫው ይቅርብን

በብዙ የከተማ ቤት የመስተዋት ቡፌ አለ፤ በቡፌው ላይ ደግሞ ከጣና ዳር የመጣች፣ ከክንድ የማትረዝም የደንገል ታንኳ አትጠፋም። አንድ ቀን ሕፃን ይጎትታታል፣ ወይም የእንግዳ ክርን ይገፋታል። ጫፏ ይቀነጠሳል፣ ማሰሪያዋ ይፈታል። ያን ጊዜ በቤቱ የሚሰማው ፍርድ ከሁለት አያልፍም፤ «ጣሏት፣ ሌላ እንገዛለን» ወይም «ሙጫ አምጡ»። እኔ ሁለቱንም እቃወማለሁ። አብዝቼ የምቃወመው ግን ሁለተኛውን ነው፤ የሚጥለው ሰው ቢያንስ ጠገንኩ አይልምና።

የታንኳ ጥበብ ያለው በአስተሳሰሩ ነው። ሠሪው ሚስማር አይሻም። ደንገሉን አጭዶ፣ አድርቆ፣ በነዶ በነዶ ይጠፍርና ነዶውን ከነዶ ያቆራኛል። ደንገል ውኃ ይጠጣል፤ ቀዛፊው ከሐይቅ ሲመለስ ታንኳውን ዳር አውጥቶ ፀሐይ የሚያስመታው ለዚህ ነው። የላላው ይጠብቃል፣ ያረጀው ይለወጣል። ትንሿም ታንኳ የዚሁ አሠራር ልጅ ናት። ሙጫ ያፈሰስንባት ዕለት ግን ቋጠሮዋ ድንጋይ ይሆናል፤ ከእንግዲህ ማንም ፈትቶ አሠራሯን አይማርባትም። በላዩ ቫርኒሽ ሲጨመርማ ታንኳ መምሰሏ ይቀራል እንጂ ታንኳነቷ ያበቃል።

«ይህ ሁሉ ክርክር ለአንዲት ጌጥ?» የሚል አይጠፋም። ለእሱ የምነግረው ታሪክ አለኝ። በ1961 ዓ.ም. ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል የጣናን ደንገል ወደ ግብፅ አስጭኖ፣ ከቻድ ሐይቅ በመጡ ታንኳ ሠሪዎች እጅ፣ በጊዛ ፒራሚዶች አጠገብ «ራ» የተባለችውን ጀልባ አሠራ። አርአያው በጥንታዊ የግብፅ መቃብሮች ግድግዳ ላይ ያሉት የጀልባ ምስሎች ነበሩ። በምስሎቹ ላይ ከተቆለመመው የኋላ ጫፍ ወደ ጀልባዋ ወለል የምትወርድ አንዲት ገመድ ትታያለች። ጥቅሟ ሳይታወቅ ቀረና ተዘነጋች። ራ በአትላንቲክ ላይ ወደ 5,000 ኪሎ ሜትር ከተጓዘች በኋላ የኋላ ጫፏ እየሰመጠ ተፈታታች፤ ሰባቱ ተጓዦችም ጥለዋት ወጡ። በዓመቱ ከቲቲካካ ሐይቅ የመጡ ቦሊቪያውያን «ራ ሁለት»ን፣ አሁንም በኢትዮጵያ ደንገል፣ ሠሩ፤ ከሞሮኮ ተነሥታ በ57 ቀን ባርቤዶስ ገባች። እንግዲህ በትንሽ ምስል ላይ ያለች አንዲት ገመድ ለጌጥ መሆን አለመሆኗን ማን በቡፌ ፊት ቆሞ ይፈርዳል?

በሐሙሲት ያየሁትንም ልጨምር። ሐሙሲት ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ ናት፤ ወረዳዋ ደራም ከጣና ይዋሰናል። በአንድ ቤት ልጅ ሲጫወት ታንኳዋን ጣላት። አባትየው አልተቆጣም፤ ስብርባሪዋን ከጥቂት ደንገል ጋር ለልጁ ሰጠው። ልጁ ማሰሪያውን ፈታ፣ ደረቁን በውኃ አለሰለሰ፣ የተቀነጠሰውን አውጥቶ ሌላ ተካ፣ መልሶም አሰረ። ሁለት ሦስት ጊዜ ተጣመመበት። በመጨረሻ የቆመችው ታንኳ አዲሱ ጎኗ አረንጓዴ፣ አሮጌው ቡናማ ነበር። አላማረችም። በዚያ ቤት ግን ታንኳ ማሰር የሚሞክር አንድ ሰው ተጨመረ። ይህን የትኛው ሙጫ ያደርገዋል?

«የሸክላውስ?» ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ፤ እሳት የበላው ሸክላ ተመልሶ ጭቃ አይሆንም፣ እዚያ ማጣበቅ ግድ ነው። ቢሆንም ስብራቱ ይታይ። ጎንደር አጠገብ በወለቃ የቤተ እስራኤል ሴቶች ይሠሯቸው የነበሩትን ትንንሽ የሸክላ ምስሎች አስቡ። ከማኅበረሰቡ እጅግ የሚበዛው በ1977 ዓ.ም. እና በ1983 ዓ.ም. በተካሄዱት ታላላቅ ጉዞዎች ወደ እስራኤል ሄዷል። ከዚያ በፊት የተሠራን ምስል ስንጥቁን ለመሸፈን ቀለም የሚለቀልቅ ሰው የሠሪዋን የጣት አሻራ አብሮ ይቀብራል።

«ሌላ እንገዛለን» ለሚለውም መልስ አለኝ። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል፤ ይሁንና የዳርቻው ደንገል በአንድ በኩል ለእርሻ ሲመነጠር፣ በሌላ በኩል እምቦጭ ሲወርረው ኖሯል። ደንገሉ ሲመናመን፣ ማሰር የሚያውቀውም ሲያንስ፣ ያ «ሌላ» ከየት ይመጣል?

ስለዚህ የሰበረውን ሕፃን አትቆጡት፤ ጥገናውን ስጡት። በከተማ ደንገል ብታጡ በጥጥ ክር እሰሯት። ነገ ደንገል ያገኘ ሰው ክሩን ፈትቶ ደግ አድርጎ ያስራታል። ሙጫን ግን የሚፈታው የለም።