ሞገዱ ተነበበ፤ ታሪኩን ማን ጠየቀ?

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላል ተረቱ። የሚጥል በሽታ በተነሳ ቁጥር ይህ አባባል ጥፋቱን በታማሚውና በቤተሰቡ ላይ ይጭናል። ፍርዱ ግን ጎዶሎ ነው። ያልተጠየቀ፣ ወይም በማያውቀው ቋንቋ የተጠየቀ ሰው ደበቀ ሊባል አይገባም።

የአንጎል ኤሌክትሪክ ሞገድ ምርመራ፣ በአጭሩ ኢኢጂ፣ ጀርመናዊው ሐኪም ሃንስ በርገር በ1924 እ.ኤ.አ. የሰውን አንጎል ሞገድ ከመዘገበ ወዲህ አንድ ምዕተ ዓመት አስቆጥሯል። ትልቁ ጥቅሙ የበሽታውን ዓይነት ለመለየት መርዳቱ ነው። ሕመሙ የሚነሳው ከአንድ የአንጎል ክፍል ነው ወይስ ከሁለቱም ወገን በአንድ ጊዜ? መልሱ መድኃኒቱን ይለውጣል። ከአንድ ስፍራ ለሚነሳው ካርባማዜፒን ጥሩ ምርጫ ሊሆን ይችላል፤ ይኸው መድኃኒት ግን ለአፍታ ፈዝዞ የሚቀረውን ልጅ፣ ወይም ጠዋት ጠዋት ክንዱ በድንገት የሚበረግገውን ወጣት ሊያብስበት ይችላል። ፈዝዞ ለሚቀረውና በሰከንድ 3 ጊዜ ያህል የሚመላለስ ሹል ሞገድ ለታየበት ልጅ ኢቶሱክሲማይድ ቀዳሚ ምርጫ ነው። ቫልፕሮኤት ለብዙ ዓይነት ይሠራል፤ ሆኖም ፅንስን ስለሚጎዳ፣ ልትወልድ ለምትችል ሴት እንዳይታዘዝ የዓለም ጤና ድርጅት አሳስቧል።

ከዚህ ተነስቶ «የአሜሪካ መሣሪያ ሁሉን ያያል» ብሎ መደምደም ግን ስሕተት ነው። በሽታው ካለባቸው ሰዎች መካከል ግማሽ ያህሉ የመጀመሪያው መደበኛ ምርመራ ምንም ላያሳይ ይችላል። ጥቂት ጤነኞች ደግሞ አጠራጣሪ ሞገድ ይታይባቸዋል። ስለዚህ ወረቀቱ የሚፈታው ከዓይን ምስክር ቃል ጋር ነው። ሕመሙ በየትኛው እጅ ጀመረ? አፉ ወደ የት ዞረ? ጠዋት ስኒ ከእጁ ያመልጠዋል? ሌሊቱን ተኝቶ ነበር?

የሲልቨር ስፕሪንግና የአሌክሳንድሪያ ቤተሰቦች ጉዳይ እዚህ ላይ ይመጣል። በኢትዮጵያ ለረጅም ዘመን በቅርብ የሚገኘው መድኃኒት፣ ከ1912 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚታዘዘው ፌኖባርቢታል ነው። የሕመሙ ዓይነት ሳይለይ እርሱን ሲወስድ የኖረ ሰው እዚህ ክሊኒክ ሲደርስ፣ የዓመታት ታሪኩ በአሥራ ሁለት ዓመት ልጁ አንደበት «ይወድቃል» በሚል አንድ ቃል ቢተረጎም፣ ሐኪሙ ሞገዱን በምን ያመሳክረዋል?

ሕግ የለም እንዳይባል፣ አለ። የ2010 እ.ኤ.አ. የጤና መድን ሕግ አንቀጽ 1557 የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበሉ ተቋማት ብቁ አስተርጓሚ በነፃ እንዲያቀርቡ ያስገድዳል፤ ድንገተኛ አደጋ ካልሆነ በቀር ለአካለ መጠን ያልደረሰን ልጅ አስተርጓሚ ማድረግም አይፈቀድም። ሕጉ ግን የሚጠይቀው ካላገኘ ወረቀት ሆኖ ይቀራል።

«ሰዎቻችን ራሳቸው አይናገሩም» የሚለው መከራከሪያ እውነት አለው፤ ምክንያቱን ግን ይስታል። አንድ አሽከርካሪ ወደ መሪው ለመመለስ በመደበኛው በሜሪላንድ 90 ቀን፣ በቨርጂኒያ 6 ወር ሕመሙ ሳይነሳበት መቆየት አለበት። እንጀራው መሪ ላይ ለሆነ ሰው ዝምታ ድንቁርና አይደለም፤ የቤት ኪራይ ስሌት ነው። ስሌቱ ግን ያከስራል፤ የተደበቀ ሕመም የተሳሳተ መድኃኒት ያመጣል፣ የተሳሳተው መድኃኒትም ሕመሙን መልሶ ያመጣል፣ ምናልባትም አውራ ጎዳና ላይ።

የማኅበረሰቡ ባለሙያዎችና ማኅበራት ለመሣሪያ መግዣ ገንዘብ ከማሰባሰባቸው በፊት ክሊኒኮቹን በጽሑፍ ሊጠይቁ ይገባል። የታማሚውን ታሪክ ማን አስተረጎመ? ስሙስ በመዝገቡ ሰፍሯል? እንቅልፍ ስለመቀነስና መድኃኒት ያለ ሐኪም ትእዛዝ ስላለማቋረጥ የሚነግረው የቀጠሮ ወረቀት በአማርኛ ተሰጥቷል? ቤተሰቡ ሕመሙ ሲነሳ በስልክ ቀርጾ እንዲያመጣ ተነግሮታል? እነዚህ ጥያቄዎች መልስ እስኪያገኙ ድረስ ተረቱን በታማሚው ላይ መጥቀስ ግፍ ነው።