የተማረ ሰው ይጨፍራልን?

ነገሩ የተነሣው በአንድ ጓደኛችን ሠርግ ላይ ነው። ከበሮው ሲመታ ከገጠር የመጡት ዘመዶች ሜዳውን ሞሉት፤ እኛ ባለ ዲግሪዎቹ ግን ከረባታችንን እያስተካከልን ከወንበራችን ሳንነሣ በማጨብጨብ ብቻ ተወሰንን። አጠገባችን የተቀመጠ አንድ ወጣት የመሥሪያ ቤት ሹም «የተማረ ሰው ጭፈራን ያያል እንጂ አይጨፍርም» ሲል ፈረደ። እኛም ሳቅን እንጂ አልተቃወምነውም። ቤታችን ከገባን በኋላ ግን ዝም ማለታችን ቆረቆረን፤ ይህን ፍርድ በሕይወታቸው ሙሉ ሐሰት ያደረጉ አንዲት ሴት እናውቃለንና።

ሴትዮዋ ካትሪን ደንሃም ይባላሉ። የተወለዱት በ1909 በአሜሪካ በኢሊኖይ ግዛት ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በቺካጎ ዩኒቨርስቲ የተማሩት አንትሮፖሎጂ የተባለውን፥ የሰውን ልጅ ባህልና ልማድ የሚመረምረውን ትምህርት ነበር። ከትምህርታቸው ጎን ለጎን ደግሞ ዳንስ ያስተምሩ ነበር። በዚያን ጊዜ የጥቁር ሕዝብ ጭፈራ በአሜሪካ መድረክ ላይ ከመሣቂያነትና ከመዝናኛነት አልፎ ታሪክና ሥርዓት ያለው ነው ብሎ የሚያምን ጥቂት ነው። ደንሃም ግን አንድ ጥያቄ ያዙ፤ ይኸውም በባሪያ ንግድ መርከብ ተጭኖ ከአፍሪካ የተጋዘው ሕዝብ ስሙንና ቋንቋውን ሲቀማ፥ እግሩና ወገቡ የሚያውቁትን ነገር ማን ሊቀማው ቻለ? የሚል ነበር።

ለዚህ ጥናት ከሮዘንዋልድ የበጎ አድራጎት ድርጅት ገንዘብ ሲጠይቁ፥ በዳኞቹ ፊት የላይ ልብሳቸውን አውልቀው ከሥር በለበሱት የዳንስ ልብስ እየጨፈሩ አስረዱ ይባላል። ገንዘቡም ተሰጣቸው።

በ1935 ወደ ካሪብ ባሕር ደሴቶች ተጓዙ። በጃማይካ ተራሮች መካከል አኮምፖንግ የሚባል መንደር አለ። የመንደሩ ሰዎች ማሩን ይባላሉ፤ ከባርነት አምልጠው ጫካ የገቡና እንግሊዞችን ተዋግተው በ1739 የሰላም ውል ያስፈረሙ ሰዎች ልጆች ናቸው። ደንሃም በዚያ መንደር አንድ ወር ያህል ሰነበቱ። ሊያዩ የፈለጉት ኮሮማንቲ የተባለውን የጥንት የጦር ጭፈራ ነበር፤ ስሙ በዛሬይቱ ጋና የባሕር ዳርቻ ካለችው ከኮርማንቲን የመጣ ነው። መንደርተኛው ግን ለእንግዳ የሚያሳየው ከአውሮፓ የተወረሰውን የጥንድ ጭፈራ ነው እንጂ ኮሮማንቲን አይደለም። ደንሃምም ማስታወሻ ደብተራቸውን ይዘው አልተጨቃጨቁም። ከሰዎቹ ጋር ኖሩ፤ ቆዩ፤ ጠበቁ። መሄጃቸው ሲቃረብ አንድ ሌሊት የከበሮ ድምፅ ሰሙ። ድምፁን ተከትለው ቢሄዱ ሽማግሌዎቹ ሲጨፍሩ አገኟቸው፤ ተመልካች ሆነው አልቆሙም፤ ከመካከላቸው ገብተው ጨፈሩ። ይህንን ሁሉ በ1946 ባሳተሙት መጽሐፍ ተርከውታል።

እኛን የሚያስደንቀን ይህ ሌሊት ነው። ምርምር ያስተማሯቸው መምህራን እርሳስና ወረቀት ሰጥተው ላኳቸው፤ በሩ የተከፈተላቸው ግን በእግራቸው ነው። የሠርጉ ሹም እንዳለው ከወንበራቸው ሆነው ቢያዩ ኖሮ፥ ያን ሌሊት ከዳር ቆመው አቧራ ሲነሣ አይተው በተመለሱ ነበር።

በሃይቲም እንዲሁ ሆነ። ያንቫሉ የሚባለው የቮዱ እምነት ጭፈራ ጉልበትን አጥፎ፥ ወገብን ወደ መሬት ዝቅ አድርጎ፥ ጀርባን እንደ ማዕበል የሚያስኬድ ነው፤ የእባብ መልክ ያለውን ዳምባላ የተባለውን መንፈስ ያከብሩበታል። ደንሃም ጭፈራውን ብቻ ቀድተው አልሄዱም፤ ሥርዓቱን ፈጽመው ወደ ማኅበሩ ገቡ። ስለ ሃይቲ ጭፈራዎች የጻፉት ጥናትም በ1947 በሜክሲኮ ታተመ።

በ1936 ዲግሪያቸውን ከተቀበሉ በኋላ ምርጫ መጣ፤ ወይ ፕሮፌሰርነት፥ ወይ መድረክ። ደንሃም መድረኩን መረጡ። አንድ ጓደኛችን ይህን ሲሰማ «እንግዲያውስ ትምህርቱን ጣሉት» አለን። አልጣሉትም። በ1938 በቺካጎ ላግያ የተባለውን ሥራ ሲያሳዩ፥ በማርቲኒክ ደሴት አጥማጆች መንደር ያዩትን የትግል ጭፈራ አንድ ሙሉ ታሪክ አድርገው አቀረቡት። (ይህን ትርኢት ያዘጋጀው የአሜሪካ መንግሥት የቴአትር ድርጅት፥ ከሁለት ዓመት በፊት በኒውዮርክ ስለ ጣልያን ወረራ «ኢትዮጵያ» የተባለ ትርኢት አዘጋጅቶ፥ ገና ለሕዝብ ሳይከፈት ከበላይ ታግዶበታል። ይህንንም ለአንባቢ ሳናነሣ ማለፍ አልወደድንም።)

ከዚያም የባሌቱን ሥርዓትና ከደሴቶቹ የተማሩትን አዋሕደው በስማቸው የሚጠራውን የዳንስ ትምህርት አቆሙ። ጉልበት ይታጠፋል፥ ጀርባ እንደ ወንዝ ይፈስሳል፥ ትከሻና ወገብ ለየብቻቸው ይናገራሉ፥ ከበሮውም አጃቢ ብቻ ሳይሆን አዛዥ ነው። በኒውዮርክ በከፈቱት ትምህርት ቤት ተማሪው ከዳንሱ ጋር አንትሮፖሎጂና ቋንቋ ይማር ነበር። ለምን እንደሚጨፈር ያላወቀ ጨፋሪ እርምጃውን ቢያጠናም ጭፈራውን አላወቀም፤ ይህ የእኛም እምነት ነው።

እርግጥ ነው፥ ከባድ ወቀሳ አለ። የአንድን ሕዝብ የተቀደሰ ሥርዓት በትኬት ለሚገባ ተመልካች ማሳየት ሸቀጥ ማድረግ አይደለምን? በ1943 ሶል ሁሮክ የተባለው የትርኢት ነጋዴ ሥራዎቻቸውን «የሐሩር አገር ትርኢት» በሚል ስም ለገበያ ሲያወጣ፥ ብዙ ተመልካች የመጣው ወገብ ለማየት እንጂ ታሪክ ለመማር እንዳልሆነ አንክድም። በቦስተንም የከተማው ሳንሱር ስለ ጉርምስናና ስለ ጋብቻ ሥርዓት የሠሩትን ክፍል ነውር ነው ብሎ ከልክሎታል። ነገር ግን ወቀሳውን ሙሉ በሙሉ እንዳንቀበል የሚያደርገን የደንሃም አከፋፈል ነው፤ ከሕዝቡ የወሰዱትን በገንዘብ ብቻ አልከፈሉም።

በ1944 በኬንተኪ ግዛት በሉዊቪል ከተማ ትርኢታቸው አልቆ ጭብጨባው ሲያስተጋባ፥ ወደ መድረኩ ፊት ቀርበው ጥቁርና ነጭ አጠገብ ለአጠገብ እስካልተቀመጡ ድረስ ወደዚህ ቤት እንደማይመለሱ ለተመልካቹ ነገሩት። በ1950 በብራዚል በሳኦ ፓውሎ አንድ ትልቅ ሆቴል ጥቁር በመሆናቸው አላስገባም አላቸው። ዝም ብለው ሌላ ማደሪያ አልፈለጉም፤ ነገሩን አደባባይ አወጡት። በሚቀጥለው ዓመት የብራዚል ምክር ቤት የዘር ልዩነትን የሚቀጣውን የመጀመሪያ ሕግ አወጣ። ያን ጊዜም በቺሊ በሳንቲያጎ «ሳውዝላንድ» የተባለ ሥራ አሳዩ፤ በአሜሪካ ደቡብ ያለ ፍርድ በዛፍ ስለሚሰቀለው ጥቁር ሰው ነው። የአገራቸው ባለሥልጣኖች ተቆጡ። ጓዳቸውን ባዕድ አገር ላይ የገለጠባቸውን ማን ይወዳል? የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ሌሎችን በመንግሥት ወጪ ወደ ውጭ ሲልክ፥ የደንሃም ጓድ ግን በትኬት ገቢና በብድር ዓለምን ዞረ።

በልጅነቱ ሎስ አንጀለስ ላይ ይህን ጓድ አይቶ ልቡ የተነካ አንድ ወጣት ነበር፤ አልቪን ኤይሊ ይባላል። በ1958 የራሱን ጓድ አቋቋመ፤ ያም ጓድ በ1962 በመንግሥት ድጋፍ እስያን ጎበኘ። በ1987 ኤይሊ የደንሃምን ሥራዎች በክብር መድረክ ላይ መለሳቸው። ጓዱ እርሱ በ1989 ካረፈ በኋላም ዛሬ ድረስ ይሠራል።

ደንሃም ግን ለእርጅናቸው የመረጡት ትልልቁን ቴአትር ቤት አልነበረም። ከ1967 ጀምሮ ኢስት ሴንት ሉዊስ በተባለችው ድኻ ከተማ ተቀምጠው የሰፈር ወጣቶችን ከበሮና ጭፈራ አስተማሩ። በ1992 የአሜሪካ መንግሥት በጀልባ የሸሹትን የሃይቲ ስደተኞች ሲመልስ፥ በ82 ዓመታቸው 47 ቀን ከምግብ ተከለከሉ። ሃይቲ ያንቫሉን ካስተማረቻቸው 56 ዓመት ሆኖ ነበር። ያረፉት በ2006 ነው።

ለዚያ ወጣት ሹም ይህን ሁሉ በሚቀጥለው ሠርግ ልንነግረው አስበናል፤ ከበሮው ከመመታቱ በፊት።