ብቸኝነት የማን ሥራ ነው?

ከጥቂት ጊዜ በፊት ከመምህራንና ከመሥሪያ ቤት ባልደረቦቼ ጋራ አንድ የጀርመን ፊልም አይተን ስንወጣ፣ ከመካከላችን በዕድሜም በዕውቀትም የሚበልጠን አንድ ሰው፣ «ይህ ዕድር የሌለው ሕዝብ በሽታ ነው፤ እኛን አይመለከትም» ሲል ፈረደ። ሌላውም ቀበል አድርጎ፣ «የለም፤ ሰው ሁሉ ብቻውን ተወልዶ ብቻውን ይሞታል፤ ደራሲው ያሳየን ይህንኑ የማይቀር ዕጣ ነው» አለ። ሁለቱም አነጋገራቸው ያማረ ስለ ነበር የሰማቸው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። እኔ ግን በሁለቱም አልተስማማሁም፤ ያን ጊዜ አፌ ስለ ተያዘ ምክንያቴን አሁን በጽሑፍ አቀርባለሁ።

ፊልሙ «ፍርሃት ነፍስን ይበላል» የተባለው፣ ራይነር ቬርነር ፋስቢንደር በ1973 (ዓመቶቹ ሁሉ በኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በሙኒክ ከተማ ሁለት ሳምንት ያህል በፈጀ ሥራ አንሥቶ በ1974 ለሕዝብ ያሳየው ነው። በዚያው ዓመት በካን የፊልም በዓል ላይ የዓለም አቀፍ የፊልም ሐያስያን ማኅበር ሽልማት አግኝቷል። ታሪኩ አጭር ነው። ብሪጊተ ሚራ የምትጫወታት ኤሚ፣ ስድሳ ዓመት ገደማ የሆናትና ባሏ የሞተባት የጽዳት ሠራተኛ፣ ዝናብ ቢይዛት ዐረቦች ወደሚያዘወትሩት መሸታ ቤት ትገባለች። ከእርሷ በብዙ ዓመት የሚያንስ አንድ የሞሮኮ ተወላጅ የጋራዥ ሠራተኛ፣ ሰዎች በቀልድ ቢገፋፉት ይነሣና ከእርሷ ጋራ ይደንሳል። እቤቷ ድረስም ይሸኛታል፤ በኋላም ይጋባሉ። የሰውየው ስም ረጅም ነው፤ ነገር ግን ጀርመኖቹ እንደ እርሱ ያለውን ሠራተኛ ሁሉ «ዐሊ» ስለሚሉት እርሱም ዐሊ ሆኖ ቀርቷል። የፊልሙ ርእስ ከዚህ ሰው አፍ የወጣ፣ በጀርመንኛው ግሡ ሳይረባ የቀረ የተሰበረ አነጋገር ነው። ፋስቢንደርም ሳያቃና እንደ ተሰበረ ርእስ አደረገው።

በመጀመሪያ ስለ ዕድር ለተናገረው ወዳጄ ልመልስ። ኤሚ ሰው የሌላት ሴት አይደለችም። ወልዳ ያሳደገቻቸው ልጆች አሏት፤ ጎረቤት አላት፤ አብረዋት የሚሠሩና ምሳቸውን አብረዋት የሚበሉ ሴቶች አሏት፤ ደንበኛዋ የሆነ ባለ ሱቅም አላት። ማኅበር ማለት ይህ ካልሆነ ምንድር ነው? ብቸኛ ያደረጋት የማኅበር መጥፋት ሳይሆን ያው ማኅበሯ ነው። ጎረቤቶቿ ደረጃው ላይ ቆመው የሚገባውንና የሚወጣውን ይቈጥራሉ። ወሬው ከአከራዩ ዘንድ ደርሶ የአከራዩ ልጅ ይመጣና፣ ደባል ማስገባት በውሉ የተከለከለ መሆኑን ያስታውቃታል። ኤሚም ደንግጣ፣ ደባል አይደለም፣ ልንጋባ ነው ብላ ትመልሳለች። እንግዲህ የጋብቻው ሐሳብ የተወለደው ከቤት ኪራይ ውል ነው! ልጆቿን ሰብስባ አዲሱን ባሏን ስታስተዋውቃቸውም አንዱ ልጇ ተነሥቶ ቴሌቪዥኗን በርግጫ ይሰብራል።

የባለ ሱቁ ነገር ግን ከሁሉ ይብሳል። ዐሊ ገብቶ ማርጋሪን ይጠይቃል፤ ባለ ሱቁ የሚለው እንዳልገባው ይሆናል። በሚገባ ገብቶታል። ኤሚ ወርዳ ስትቆጣው እርሷንም ያባርራታል። በዚህ ቦታ ላይ ከአዳራሹ ውስጥ ሳቅ ተሰማ፤ እኔ ግን መሳቅ አልቻልሁም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በመስኮት ተቀምጬ ባለ ጉዳይ በማስተናግድበት ጊዜ፣ አማርኛ የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ያልሆነ አንድ ሽማግሌ መጥተው ነበር። ቃላቸው ተሰባብሮ ቢወጣም የሚሹት ነገር ገብቶኛል። ይሁን እንጂ የምሳ ሰዓት ተቃርቦ ስለ ነበር «ምን አሉኝ?» ብዬ ሁለት ጊዜ ጠየቅኋቸው። በአንቱታ ነው የጠየቅኋቸው፤ ማንም ጥፋት ሊያገኝብኝ አይችልም። ሦስተኛ ሳይናገሩ ወረቀታቸውን አጥፈው ሄዱ። ያን ጊዜ እኔ የሦስት ዕድር አባል ነበርሁ።

ዐሊን «ሥር የሌለው ሰው» እያሉ የሚያዝኑለትም ብዙዎች ናቸው። ሥር የነቀለው ማን እንደ ሆነ ግን አይጠይቁም። የምዕራብ ጀርመን መንግሥት በ1955 ከኢጣሊያ፣ በ1961 ከቱርክ፣ በ1963 ከሞሮኮ ጋራ እየተዋዋለ ሠራተኛ ሲያስመጣ፣ የአሠራሩ መነሻ ሐሳብ ሰውየው ለጥቂት ጊዜ ሠርቶ ይመለሳል የሚል ነበር። ስሙም «እንግዳ ሠራተኛ» ተባለ። እንግዳ ተብሎ በጋራዥ የሚሠራ፣ ማታም ከሌሎች አምስት ሰዎች ጋራ በአንድ ክፍል የሚያድር ምን ዓይነት እንግዳ እንደ ሆነ፣ የእንግዳ ክብር የሚያውቅ የአገራችን ሰው ይፍረደው። ፊልሙ ከተነሣ ጥቂት ወራት እንኳ ሳይቈይ፣ በኅዳር 1973 መንግሥቱ ሠራተኛ ማስመጣቱን አቆመ። በዚያን ጊዜ በአገሩ ውስጥ ከ2 ሚሊዮን በላይ የውጭ አገር ሠራተኞች ነበሩ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ወዳጄ፣ ወደ ዕጣው ልምጣ። ኤሚና ዐሊ የሰው ዓይን ቢበዛባቸው ከከተማው ለጥቂት ጊዜ ይርቃሉ፤ ሲመለሱም ሁሉ ነገር ተለውጦ ያገኙታል። ጎረቤቲቱ በምድር ቤት ያለው የኤሚ ዕቃ ማስቀመጫ ስላስፈለጋት ትስቅላታለች። ባለ ሱቁም ትልልቆቹ መደብሮች ገበያውን እየወሰዱበት ስለ ሆነ ከደጁ ቆሞ እጅ ይነሣታል። ቴሌቪዥን የሰበረው ልጇም ሕፃኑን የሚጠብቅለት ሰው ቢያጣ የዕቃውን ዋጋ ይዞ ይመጣል። አንዳንድ ሐያስያን ይህን ክፍል ፋስቢንደር ሰውን ስለሚንቅ የጨመረው ነው ብለው ይነቅፉታል። እኔ የፊልሙ ዐቢይ ማስረጃ ይህ ነው እላለሁ። ዕጣ ቢሆን ኖሮ ለዕቃ ማስቀመጫ ሲባል ይፈታ ነበርን? ጥላቻ እንኳ ቢሆን በአንድ ሰሞን አይለቅም። በጥቅም ጊዜ እንዲህ ቶሎ የተከፈተ በር፣ ቀድሞም በፈቃድ የተዘጋ በር ነበረ።

ፋስቢንደር ግን በዚህ አይቆምም፤ ስለዚህም አከብረዋለሁ። ኤሚ ራሷ ትበድላለች። የሥራ ባልደረቦቿ ሊጠይቋት ሲመጡ የባሏን ጡንቻ እንደ ገበያ በሬ ያስዳስሳቸዋል፤ ቢናፍቀው ኩስኩስ ሥሪልኝ ሲላት፣ የዚህን አገር ምግብ መልመድ አለብህ ትለዋለች። ከሄርጼጎቪና የመጣች ዮላንዳ የምትባል አዲስ ሠራተኛ ስትገባም፣ ኤሚ ከሌሎቹ ጋራ ሆና ትሸሻታለች። ዮላንዳ ደረጃው ላይ ብቻዋን ተቀምጣ፣ በደረጃው መደገፊያ ብረት መካከል ትታየናለች፤ ቀደም ሲል ኤሚ በዚያው ደረጃ ላይ ብቻዋን ስትበላ ያየናትም ልክ በዚህ አኳኋን ነበር። ካሜራው አንዲት ቃል አይጨምርም። ይህችን ሴት የወደድናት እኛ ተመልካቾች እንኳ ልንከላከልላት አንችልም።

ባልና ሚስቱ ከተጣሉ በኋላ በዚያው መሸታ ቤት ተገናኝተው እንደ መጀመሪያው ቀን ሲደንሱ፣ ዐሊ ሆዱን ይዞ ይወድቃል። የጨጓራ ቁስል ነው። ወዳጄም፣ «አየህ፤ ታረቁ፤ ግን አልዳነም፤ ይህ ዕጣ አይደለምን?» ብሎ የተከራከረኝ በዚህ ነበር። ሐኪሙ የተናገረውን አላስተዋለም። ሐኪሙ ይህ ሕመም በእንግዳ ሠራተኞች ዘንድ የተለመደ መሆኑን፣ ምክንያቱም የኑሯቸው ጭንቀት መሆኑን ይገልጻል። ለማገገሚያ ዕረፍት ወደ ጸበል ሥፍራ መላክ ለእነርሱ አልተፈቀደም፤ በቢላዋ ይከፈታሉ፣ ከስድስት ወር በኋላም ታመው ይመለሳሉ። ኤሚ ይህ እንዳይሆን እንደምትጥር ትናገራለች፤ ሐኪሙ መልካም ዕድል ይመኝላታል። እርሷም ከአልጋው አጠገብ ተቀምጣ የባሏን እጅ ትይዛለች።

«አልተፈቀደም» የሚለውን ቃል አንባቢ ልብ ይበልልኝ። የሚፈቅድና የሚከለክል አንድ መሥሪያ ቤት አለ ማለት ነው፤ በውስጡም ማመልከቻውን ተቀብሎ የሚመልስ አንድ ጸሐፊ። ያ ሰው በፊልሙ ውስጥ ከቶ አይታይም። እኔ ግን የእርሱ የሙያ ወንድም ስለ ሆንሁ፣ ከአዳራሹ ከወጣሁበት ሌሊት ጀምሮ ፊቱን ለማየት እየሞከርሁ ነው።