ተገጣጣሚ ቤት ለደሴ ሰው

በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሼዶች በብረት ተገጣጥመው የቆሙ ናቸው። "የመኖሪያ ቤታችን ግድግዳስ ለምን ፋብሪካ ተሠርቶ አይመጣልንም?" የሚሉ አሉ። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ አዲስ አበባ ከደርግ ዘመን ጀምሮ የተገጣጣሚ ሕንፃ አካላት ፋብሪካ ነበራት።

እኔን የሚያሳስበኝ ክሬኑ ሳይሆን የገንዘቡ አከፋፈል ነው። ደሴ ላይ ቤት የሚሠራ ሰው ዘንድሮ መሠረት ያወጣል፣ ለከርሞ ብሎኬት ይደረድራል፣ ዕቁብ ሲወጣለት ቆርቆሮ ያለብሳል። (ግድግዳው ከቆመ በኋላ መስኮት የሚያዛውርም አይጠፋም!) ፋብሪካ ግን ንድፉ ሳያልቅና ብሩ ሳይገባ ፓነል አይቆርጥም።

ስለዚህ ወዳጆቼ፣ ከማሽኑ በፊት ባንኮች ለግለሰብ ቤት ሠሪ የረጅም ጊዜ ብድር ይክፈቱ። አለበለዚያ ኮምቦልቻ የተመረተው ፓነል ሐረጎን ሽቅብ የሚወጣው ለባለ ሆቴሉ ብቻ ነው።